ስም ያለው በሽታ

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአሰበ ተፈሪ ከተማ አንድ በጋ ሙሉ በሽታ ሆኖ ኖሯል። እንደ ኩፍኝ ይፈራ ነበር፤ እንደ ኩፍኝ ግን ማንንም አላስተኛም። ቃሉ ፍሬክል ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መዝገበ ቃላት ገልጬ ትርጉሙን ሳገኘው ጮክ ብዬ ሳቅኩና ሠራተኛዋ በጣቷ ወደ በሩ አመለከተችኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሳቁ አብሮኝ አልወጣም።

እኛ ቤት ያ ነገር ፍሬክል ከመባሉ በፊት ጠቃጠቆ ነበር። ወንድሜ በድሪ ቀይ ነው፤ አፍንጫውና ጉንጮቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ተበትኖበታል። የሰፈር ልጆች ዳቦ ላይ የሚነሰነሰውን አይተው «በድሪ ሰሊጥ» ይሉታል። ጎረቤታችን እትዬ አሰጋሽ «ማርያም ስማው ነው» ትል ነበር። እናቴ ሞሚና ደግሞ፣ «ማርያም አንድ ቦታ ስማ ትሄዳለች አቦ፤ ይሄን ልጅ ግን ይዛው አድራለች» ትላትና ሁለቱም ከት ብለው ይስቃሉ። ጠቃጠቆው ከዚህ ያለፈ ጥቅምም ጉዳትም አልነበረውም።

እናቴን አዮ ነው የምንላት። ሥራዋ ሂና መቀባት ነው። ከገለምሶ፣ ከበደሳ፣ አንዳንዴም ከመቻራ ሳይቀር ሙሽራ ልትዳር ስትል እሷ ትጠራለች። ሂናውን በሻሽ ትነፋዋለች፣ በሎሚ ታቦካዋለች፣ የሙሽራይቱን እጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በቀጭን እንጨት ቅጠልና አበባ ታወርድበታለች። «ሞሚና የቀባችው ሙሽራይቱ ተኳርፋ እናቷ ቤት እስክትመለስ አይለቅም» ይባልላት ነበር። አባቴ ጫት ይዞ ጂቡቲ የሄደ ጊዜ እዚያው ቀርቷል፤ ስለዚህ የቤታችንን ቀለብ የምታመጣው ያቺ ቀጭን እንጨት ናት።

ታላቅ ወንድማችን ዓሊዩ በመጀመሪያው የብሔራዊ ውትድርና ዙር ተወስዷል። «የት ሄደ?» ስል «ሰሜን» ይሉኛል። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሰሜን ከሚኤሶ ባሻገር ያለ ከተማ ይመስለኝ ነበር፤ ገበያው ጥሩ ስለሆነ ሰው ሄዶ መመለስ የሚሰንፍበት።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጎበዜ በራችንን አንኳኳ። ጎበዜ ወፍራም፣ ቶሎ የሚያልበው ሰው ነው። ጥሩ ወሬ ሲኖረው በር አያንኳኳም፣ ከመንገድ ይጮሃል።

«እንዴት ዋልሽ ሞሚና?»

«አልሐምዱሊላህ። ይግቡ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አልገባም። በድሪ አሥራ ስምንት ሞላው አይደል?»

አዮ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አዲስ ዙር መጥቷል። የኔ እጅ የለበትም፣ ከላይ ነው» አለና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። እኔም ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ።

«አንዱን ሰጥቻለሁ እኮ» አለች አዮ። «ወላሂ ሌላ የለኝም። ከፈለጋችሁ ይቺን ውሰዷት።» እኔን ነው።

«አትቀልጂ አቦ።»

«ማን ቀለደ?»

ሊቀመንበሩ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሽተኛ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪም በሽተኛ ነው ብሎ ከጻፈለት እኔ ማኅተሙን አልከለክልም። ጤነኛ ከሆነ ግን ምን አባቴ ላድርግ? የኔም ልጅ እኮ የሱ እኩያ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ቃል ነበር፤ በሽተኛ። ጠዋት በጄሪካን ከበሮ እየመታ እያንጎራጎረ ያየሁት ወንድሜ በሽተኛ ነው። እንዴት እስካሁን አልነገሩኝም?

በማግስቱ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ፣ ተሻለ ድሬሰር ጋ ሄድን። አዮ እኔን የምትተውበት ሰው ስላጣች ነው እንጂ መሄድ አልነበረብኝም። ተሻለ በከተማው ሰው ዘንድ የተከበረ ቀጭን ወጣት ነበር፤ ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ በየቤቱ ተደብቀው ይዘምሩ ነበር። ተሻለ ተደብቆ መዘመር ይችላል፤ ተደብቆ መዋሸት ግን አይችልበትም።

የበድሪን ደረት አዳመጠ፣ ምላሱን አየ፣ ጉልበቱን መታ መታ አደረገው።

«እትዬ ሞሚና፣ ይሄ ልጅ በሬ ነው።»

«የሚታረደው በሬው አይደል?»

ድሬሰሩ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። «የሌለ በሽታ አልጽፍም። ጌታ ያየኛል። አያስዋሹኝ።»

«ማን ዋሽ አለህ? ያለውን ጻፍ።»

«ምንም የለውማ!»

«ይሄስ?» አለች አዮ። የበድሪን አገጭ ይዛ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «ይሄ የለም? በዓይኔ ነው?»

ድሬሰሩ በድሪን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከንፈሩ ዳርና ዳር ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እሱም እንዳይታይበት ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ።

«ይሄማ አለ።»

«ካለ ጻፈዋ። በእንግሊዝኛ አድርገህ ጻፈው።»

«በእንግሊዝኛ ፍሬክል ነው የሚባለው።»

«ያ ረቢ!» አለች አዮ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «ይሄን የሚያህል ስም አለው?»

ሰውየው ስሙን ሲጠራው በበድሪ ፊት ላይ ያሉት ነጥቦች ሁሉ የተንቀሳቀሱ መሰለኝ። ጠቃጠቆ ሲባል ጨዋታ ነው። ፍሬክል ሲባል መርፌ መርፌ ይሸታል። ዛሬም ቢሆን በእኛ አገር የአማርኛ ስም ያለው በሽታ በዳማከሴ ይድናል፤ የእንግሊዝኛ ስም ያለው ድሬዳዋ ያስኬዳል፤ ስሙ ላቲን ከሆነ ዘመድ ይጠራል።

ወረቀቱን ይዘን ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ገልብጦም ዘቅዝቆም አየው። እንግሊዝኛ አያነብም፤ አያነብም መባል ደግሞ አይወድም። ስለዚህ ድሬሰሩን አስጠራው። በድሪና እኔ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ እጄ እጁ ውስጥ ነው።

«ይሄ ፍሬክል» አለ ሊቀመንበሩ፣ እንደ ድሮ ጠላቱ ስሙን ረገጥ አድርጎ፣ «ከምን ነው የሚመጣው?»

«በዘር ነው፣ ጓድ።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒት የለውም።»

«ጭራሽ?»

«ፈረንጆቹም አላገኙለትም።»

«ቢዘምትስ? እዚያ አየሩ ቢለውጠው?»

«ፀሐይ አይስማማውም። ፀሐይ ባገኘው ቁጥር ይበዛል።»

ሊቀመንበሩ መሐረቡን አወጣ። «ይገድላል?»

ድሬሰሩ አሰበ። ግንባሩ ተሸበሸበ፤ ምጥ እንደያዘው ሰው ከንፈሩን ነከሰ። «ያለበት ሰው አብሮት ይኖራል» አለ በመጨረሻ። «እስኪሞት ድረስ አይለቀውም።»

ሊቀመንበሩ ወንበሩን ከበድሪ ራቅ አድርጎ ማኅተሙን መታ።

ያንን ንግግር ዛሬ መልሼ ሳየው አንድ የውሸት ቃል አላገኝበትም። ሰውየው ከጥግ እስከ ጥግ እውነት ተናግሮ አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው አሸብሮ ወጣ። ያን ጊዜ ግን እኔ እጄን ከበድሪ እጅ ውስጥ ቀስ አድርጌ ነበር ያወጣሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዮ ወንድሜን ፀሐይ እንዳይነካው የሴት ጃንጥላ አስይዛ ነበር የምታስወጣው። ለሊቀመንበሩ ዓይን ነው። በድሪ የገለምሶ መንገድ ሹፌር መሆን የሚፈልግ፣ መንገድ ላይ ሲሄድ እንኳ በአፉ ማርሽ የሚቀይር ልጅ ነው፤ ባለ አበባ ጃንጥላ ይዞ በልጃገረዶች ፊት ሲያልፍ ጆሮው ይቀላ ነበር። እኔ ግን ጆሮው መቅላቱን ሳይ በሽታው ወደ ላይ እየወጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ኩባያዬን ለየሁ። አንድ ሳህን ላይ አልበላም አልኩ።

«ነይ ሙጫ!» ይለኛል በድሪ፣ በኦሮምኛ ልጅት እያለ። «ነይ ፍሬክል ላጉርስሽ!» አፍንጫውን ወደ ፊቴ እያስጠጋ በግቢው ያሯሩጠኛል። እየጮህኩ እሸሻለሁ። እሱ ለጨዋታ ነበር የሚሮጠው፤ እኔ ለነፍሴ።

ወሬው ከአንድ ሳምንት በላይ አልተደበቀም። የሞሚና ልጅ ስም ያለው በሽታ ይዞት ከውትድርና ቀረ። መጀመሪያ የመጣችው እትዬ አሰጋሽ ናት፤ ልጇን ሮባን ይዛ። ሮባ የበድሪ ጓደኛ ነው፤ ፊቱ እንደታጠበ ብርጭቆ የጠራ።

«ሮባንም ሳይጀምረው አልቀረም» አለች።

«የት ላይ?» አለች አዮ።

«አንቺ የምታውቂው ቦታ ላይ ነዋ!»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አልሳቁም። አዮ መጋረጃውን ገልጣ ሮባን ወደ ጓዳ አስገባችው፤ እኔን «ውጪ ተጫወቺ» አለችኝ። ልጅ ውጪ ተጫወቺ ከተባለ ጓዳ ውስጥ የሚታይ ነገር አለ ማለት ነው። መጋረጃው ላይ ፍም የበሳው ቀዳዳ ነበር። ዓይኔን አስጠጋሁ።

በድሪ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሮባ ከፊቱ። አዮ በመሃል ተንበርክካ የበድሪን ፊት ታያለች፣ እንጨቷን ሳህኑ ውስጥ ነከር ታደርጋለች፣ የሮባን ፊት ትነካለች። እንደገና የበድሪን ፊት ታያለች።

«መኮረጅ ክልክል ነው» አለ በድሪ።

«አትሳቅ፣ ነጥቡ ይንቀሳቀስብኛል።»

ሽታው የሂና ነበር። ሂና ደግሞ ለሙሽራ ነው፤ እጅና እግር ላይ። ወንድ ልጅ ፊቱ ላይ ሂና ሲቀባ አይቼ አላውቅም። ማታ «ሮባን ምን አደረግሽው?» ስላት፣ «መድኃኒት ነው የቀባሁት» አለችኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ ሮባ መድኃኒቱ ደርቆ፣ ተፍቆ ሲወጣ ግን ፊቱ ላይ አንድ እፍኝ ፍሬክል ነበር። ትናንት አልነበረም። በሁለት ዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠርቶ ገባ፣ ታሞ ወጣ።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ከታችኛው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንዱማ ከበደሳ አክስቱ ጋ ተደብቆ የነበረ ነው። ሁሉም እናታቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ይገባሉ። ሁሉም ጠርተው ይገባሉ፣ ታመው ይወጣሉ። ፊት እንደ መዳፍ ስላልሆነ ሂናው ቶሎ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሲደበዝዝ እየተመለሱ ይታደሳሉ። አዮም እጇ ሙሽራ ስለለመደ ቀጥ ያለ ነገር ማበላሸት አይሆንላትም ነበር፤ ግራ ጉንጭ ላይ ያስቀመጠችውን ቀኝ ጉንጭ ላይ ትደግመዋለች። በድሪ «አዮ፣ አላህ እንዲህ አያስተካክልም፣ በትን እንጂ!» እያለ ይጨቀጭቃታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ፤ በጓሮ በር። የልጁን ትከሻ ይዞ ነበር።

«ሞሚና» አለ፣ «ይሄም ልጅ ሳያሳክከው አይቀርም።»

«ፍሬክል አያሳክክም ጓድ ሊቀመንበር።»

«እሺ አያሳክከው። ብቻ ሳይጀምረው አልቀረም።»

አዮ አየችው። የመጀመሪያውን ልጇን በኦራል መኪና ሲጭኑት ከጎኑ ቆሞ የነበረው ይሄ ሰው ነው። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። መጋረጃውን ገለጠችለት። ሊቀመንበሩ ውጭ ቀርቶ ከእኔ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለታችንም ያስፈራን ነገር ያው ይመስለኝ ነበር።

ተሻለ ድሬሰር ጭንቅ ውስጥ የወደቀው ያኔ ነው። እናቶቹ ተሰልፈው «ፍሬክል ብለህ ጻፍ» ይሉታል። «ይሄ ፍሬክል አይደለም» ይላል። «ታዲያ ምንድን ነው?» ሲሉት ይለማመጣቸዋል። በመጨረሻ የሚያየውን ብቻ ጻፈ፤ ፊቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ስም የለውም፣ ምክንያት የለውም። ሊቀመንበሩም ማኅተሙን አልነፈገም።

እኔ ግን ነገሩን ደርሼበት ነበር። በሽታው ከእናቴ እጅ ነው የሚወጣው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ቤታችን ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። ፀጉሬን ልትሠራኝ ስትጠራኝ ራሴን ያመኛል እላለሁ። ስታጎርሰኝ ጉርሻውን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ወጥቼ ለዶሮ እተፋለሁ። ዶሮዎቹን ደግሞ በየጠዋቱ ነጥብ እንዳያወጡ አያቸዋለሁ፤ አንዷ ድሮም ዝንጉርጉር ነበረችና እሷን እያየሁ አለቅስ ነበር። ፊቴን በሳሙና እስኪቃጠል እፈትጋለሁ። ለመናገር ደግሞ ለማን ይነገራል? እናቴ እኮ ናት።

ለበድሪ ነገርኩት። ግቢ ውስጥ የተሰበረ ጃንጥላውን እየጠገነ ነበር።

«በድሪ፣ በሽታውን የምትሰጣቸው አዮ ናት። አይቻታለሁ።»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ በአንድ ጊዜ አቆመ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለማንም እንዳትነግሪ። ከነገርሽ ይወስዱኛል።»

«የት?»

«ሰሜን።»

«ሰሜን ገበያው ጥሩ ነው?»

የጃንጥላውን ሽቦ ቀጥ አደረገ፣ አጠፈው፣ እንደገና ቀጥ አደረገው። «ጥሩ ነው» አለ። «እዚያ ሁሉም ነገር ርካሽ ነው።»

ኦራሉ የመጣው የጫቱ ገበያ ሞቅ ባለበት ጠዋት ነው። አብረውት አንድ ካድሬና አንድ ሐኪም ከሌላ ከተማ መጡ። ከእኛ ቀበሌ በሽተኛ እንደበዛ ተሰምቶ ነበርና የታመሙት ሁሉ አዳራሽ ይቅረቡ ተባለ። አዮ በድሪን አቅፋ ሸኘችው። ራሷ ግን መሄድ አልቻለችም፤ ጣቶቿ ከልጆቹ ፊት ጋር አንድ ቀለም ነበሩ። በአመድ ፈተገቻቸው፣ በሎሚ፣ በላምባ። ሂናው ወይ ፍንክች።

«የገዛ ሥራዬ ከዳኝ» አለች። «ሙጫ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ሂጂ። በመስኮቱ እዪና በድሪን ያሉትን ሮጠሽ ንገሪኝ።»

ድንጋይ ላይ ቆሜ በአዳራሹ መስኮት አየሁ። ባለ ጠቃጠቆዎቹ በግድግዳው ጥግ ተሰልፈዋል። በድሪ መጀመሪያ ነው፣ ከዚያ ሮባ፣ የሊቀመንበሩ ልጅ ከመሃል። ካድሬው የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ወጣት ነው። የበድሪን ወረቀት አነበበ። እንግሊዝኛ ያነባል! አንብቦም ሳቀ።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለ ተሻለ ድሬሰር።

«ሞስኮ ስማር ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። እስከ ትከሻዋ ድረስ ይሄ ነው። ተመርቀን እስክንወጣ አንድ ቀን ከክፍል አልቀረችም። በል ንገረኝ፣ ፍሬክል በሽታ ነው?»

ሊቀመንበሩ ከካድሬው ጀርባ ሆኖ ራሱን ወደ ታች ይነቀንቅለታል፤ አዎ በል፣ አዎ በል። ድሬሰሩ በድሪን አየው። በድሪም አየው፤ እንደዚያ የአንድ ሰው አፍ ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም።

«አይደለም፣ ጓድ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«መልክ ነው።»

«ሰማችሁ? መልክ ነው!» አለ ካድሬው የበድሪን ትከሻ መታ እያደረገ። «ጤነኛ ነህ። እንኳን ደስ ያለህ! ወደ ግራ።»

ልቤ ዘለለ። ለመሮጥ አንድ እግሬን ከድንጋዩ አወረድኩ፤ ግን የሌሎቹንም ልስማ ብዬ ቆየሁ።

ካድሬው ጣቱን ወደ ሮባ ጉንጭ ዘረጋ። «ይሄም ያው ፍሬክል ነዋ!»

«አይደለም፣ ጓድ» አለ ድሬሰሩ።

«ምንድን ነው?»

«በተማርኩት ሁሉ ውስጥ ስሙን አላገኘሁትም።»

የካድሬው ጣት አየር ላይ ቆመ። ሐኪሙ እስከዚያ ድረስ አልተናገረም ነበር፤ መነጽር ያደረገ፣ ሸበቶ ሰውዬ ነው። ተነስቶ ሰልፉን ቀስ እያለ አለፈ። የሊቀመንበሩ ልጅ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ። ከልጁ ጆሮ ሥር አዮ ሳታስበው የጣለችው ቅጠል ነበር፤ ከነዘንጉ። ሐኪሙ ቅጠሉን አየ። ጠጋ ብሎ አሸተተው።

«በዚህ በጋ እዚህ ከተማ ሰርግ በዝቷል እንዴ?»

«በጣም፣ ጓድ ዶክተር» አለ ሊቀመንበሩ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። «በጣም… ሰርግ ነው መቼም።»

ሐኪሙ ቀና አለና መነጽሩን ጠረገ። «እኔም እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አላየሁም» አለ ለካድሬው። «ይተላለፋል። በእጅ።»

ካድሬው ያልነካበትን ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና እነዚህን ከፊቴ አንሱልኝ አለ።

በዚያ አዳራሽ የዋሸው ሰው ሐኪሙ ብቻ ነበር፤ ደግሞ አሳምሮ ነው የዋሸው። ተሻለ ድሬሰር አንዴም አልዋሸም። በድሪን የሸኘው እውነቱ ነው፤ ሮባን ያስቀረውም ያው እውነቱ። ሰውየውን ልፈርድበት ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። አልሆነልኝም፤ ላመሰግነውም አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ግን መፍረድ የለ፣ ማመስገን የለ። መንገዱን ሙሉ እየጮህኩ ሮጥኩ። «ዳነ! በድሪ ዳነ!» ጫት የሚያስሩ ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። አንዷ እልል አለችልኝ።

አዮ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አዮ! በድሪ ምንም የለበትም! ትልቁ ጓድ እንኳን ደስ ያለህ አለው!»

«ምን አልሽ?»

«ጤነኛ ነህ አለው። በሽታ አይደለም፣ መልክ ነው አሉ። ወደ ግራ አለው።»

«ሮባስ?»

«ሮባማ እንዳመመው ነው። ወደ ቤቱ መለሱት» አልኩ፣ ለሮባ እያዘንኩ።

አዮ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እትዬ አሰጋሽ ከወዲያ ማዶ ልጇን አቅፋ እያለቀሰች ስትመጣ ከሩቅ አየናት። እናቴን ስታይ መሃል መንገድ ላይ ቆመች፤ ወደፊት መምጣትም ወደ ኋላ መመለስም አቃታት። ይሄኔ አዮ ተነሳች። ጓዳ ገብታ የሂናውን ሳህን ይዛ ወጣችና ሮጠች። ሴት ልጅ እንደዚያ ስትሮጥ አላየሁም፤ ሻሿ ወድቆ መንገድ ላይ ቀረ።

ኦራሉ ገበያው ዳር ቆሞ ሞተሩ ይጮሃል። በድሪ ከብዙ ልጆች ጋር ከኋላው ተጭኗል። አዮ በጎማው ላይ ተንጠላጥላ ወጣች፣ አንገቱን በአንድ እጇ ይዛ ሳበችው፣ በሌላው ሂናውን የመኪናው ጠርዝ ላይ ካስቀመጠችው ሳህን እየዘገነች ፊቱ ላይ ትለቀልቀው ጀመር። እንጨት የለ፣ ነጥብ የለ፣ ቅጠል የለ። በመዳፏ።

«ኧረ ምን እያደረጉ ነው እናት?» አለ አንድ ወታደር።

«አሞታል! ልጄ አሞታል! በደንብ እዩት፣ ይሄ ያኛው አይደለም፣ ስም የሌለው ነው!»

«አዮ፣ በቃ» ይላታል በድሪ። «በቃ አዮ፣ ሰው እያየ ነው።» ፊቱን ግን አላሸሸባትም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሕፃን ሰጥቷት ነበር።

እኔ ደረስኩ። ወንድሜ በመከራ ድኖ፣ እሷ እንደገና ልታሳምመው ስትል አገኘኋት። ቀሚሷን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች ጎተትኳት። «ተይው!» እያልኩ ጮህኩ። «ድኗል እኮ! አዮ ተይው፣ ድኗል!»

ማን እንዳወረዳት አላስታውስም። ኦራሉ ተንቀሳቀሰ። በድሪ ዓይኑን ገልጦ ከቀዩ ጭቃ ውስጥ ወደ እኔ አየና በአፉ ማርሽ ቀየረልኝ።

ሮባ ዛሬ በገለምሶ መንገድ የሚሠራ ሚኒባስ አለው፤ ኢድ በመጣ ቁጥር ስኳር ይዞ አዮ ጋ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ እየተንጠባጠበ ሲመጣ አዮ ሚኤሶ ድረስ እየሄደች ትጠብቅ ነበር። ስም አትጠይቅም፣ ጦር ክፍል አትጠይቅም። ፊት ብቻ ነበር የምታየው። በድሪን አላገኘችውም። ዓሊዩንም።

ያን ቀን መኪናው ከተማዋን ለቅቆ ሲወጣ አቧራው እስኪበርድ ቆምን። ሰው ተበተነ። አዮ ወደ እኔ ዞረች፤ ባዶውን ሳህን በብብቷ ይዛ ነበር። ሌላውን እጇን ዘረጋችልኝ፤ እስከ አንጓዋ ቀይ ነው።

«ነይ ሙጫ ኮ» አለችኝ። «ያዢኝ፣ እግሬ እየከዳኝ ነው።»

ሁለቱንም እጆቼን ከኋላዬ ደበቅኩ። ቤታችን እስክንደርስ ድረስ በመንገዱ ማዶ፣ ከእሷ ጋር እኩል እየተራመድኩ ሄድኩ።